በባሕር ዳር አገር የጓሮ አትክልትን በውርጭ ቀን ልክ ስለ መትከል
(በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ንግግር)



በመንዝና በሰሜን፣ በደብረ ብርሃንም ዙሪያ ባለው ደጋ አገር አርሶ ያደገ ሰው ውርጭን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ማታ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ፣ ከዋክብቱም ከወትሮው ይልቅ በርተው ባየ ጊዜ፣ ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ጥዋት ባቄላው ጠቁሮ እንደሚገኝ ለልጆቹ ይነግራል። ይህ ዕውቀት እውነተኛ ነው፤ ባሕር ቢሻገሩም አይለወጥም። ሆኖም ያው ሰው ሲያትል ገብቶ በልጁ ቤት ጓሮ ትንሽ መደብ ቆፍሮ ዘር በጣለ ጊዜ፣ ዘሩ ሳይበቅል በጭቃ ውስጥ ሲበሰብስ፣ ወይም በርበሬው ሳይቀላ ብርዱ ሲደርስበት ይታያል። ከዚያ በኋላ «ይህ አገር ለእርሻ አይሆንም» ብሎ ዶማውን ይሰቅላል። የጠፋው ዘር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሁሉ በመሬት ሥራ ያሳለፈ ሽማግሌ ሙያዬ ከንቱ ሆነ ብሎ ከመስኮት ሥር ሲቀመጥ የሚቀርበት ነገር በገንዘብ አይተመንም። ሙያው ግን ከንቱ አልሆነም፤ የተለወጠው የወራቱ ሥርዓት ነው እንጂ።

ስሕተቱ አስቀድሞ ከቃል ይጀምራል። በኢትዮጵያ ክረምት ማለት የዝናም ወራት ነው፤ በጋ ማለትም ዝናም የሌለበት ወራት ነው፤ ውርጭም የሚወርደው ዝናሙ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ በጠራበት ወራት ነው። በሲያትል ግን ዝናሙና ብርዱ አብረው ይመጣሉ። ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ጸደይ ድረስ ደመናው አይነሣም፤ ጁላይና ኦገስት ግን እጅግ የደረቁ ናቸው። ከተማይቱ በዝናም ስሟ እጅግ ቢወራም በዓመት የምታገኘው ወደ 1000 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች። ልዩነቱ በመጠኑ አይደለም፤ በአወራረዱ ነው። አዲስ አበባ ብዙውን በሐምሌና በነሐሴ ተቀብላ ትጨርሰዋለች፤ ሲያትል በብርዱ ወራት ሁሉ በቀስታ ትቀበለዋለች። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ዝናሙን ተስፋ አድርጎ የሚዘራ ሰው የሚያገኘው ደረቅ አፈር ነው፤ ካላጠጣ አይበቅልለትም።

ሁለተኛው ስሕተት የወሮቹ ስም ነው። ብዙ ሰው ማርችን መጋቢት፣ ኤፕሪልን ሚያዝያ፣ ሜይን ግንቦት እያለ ይጠራል። ለተራ ወሬ ጉዳት የለውም፤ ለአትክልተኛ ግን አለው። መጋቢት 1 ቀን ማርች 10 ነው፤ ግንቦት 1 ቀን ሜይ 9 ነው። በዘር ፖስታ ላይ «በሜይ መጀመሪያ ይተከል» ተብሎ የተጻፈውን በግንቦት መጀመሪያ የሚተክል ሰው ከሳምንት በላይ ይዘገያል፤ በተቃራኒው የአገር ቤት ዘመድ በኢትዮጵያ ቀን የነገረውን በፈረንጅ ወር የሚወስድ ሰው ያን ያህል ይቀድማል። በውርጭ ነገር አንድ ሳምንት ትንሽ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን በግድግዳ ላይ መስቀል ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ፀደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን፣ ማለት ኤፕሪል 4 ቀን ነው፤ ይህም ለሲያትል አትክልተኛ ሊረሳ የማይገባው ቀን ነው፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ውኃ ከአፈር ይልቅ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም የሚዘገይ ነገር ነው። አንዱን ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚፈጀው ሙቀት፣ ለአንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ከሚፈጀው አራትና አምስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በከተማይቱ አጠገብ ያለው ፒዩጀት ሳውንድ የተባለው የባሕር ክንድ በብርዱ ወራት እንኳ ውኃው 8 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይኖራል፤ በሙቀቱም ወራት እምብዛም አይሞቅም። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ስለሚነፍስ ይህንኑ ለዘብ ያለ አየር ያመጣል፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት የካስኬድ ተራሮች ደግሞ የመካከለኛውን አገር ብርድ ይከለክላሉ። ደመናውም እንደ ጋቢ ሆኖ መሬቱን ይሸፍናል፤ በደመናም ሌሊት የምድሩ ሙቀት ወደ ሰማይ አይበተንም። በሚኒሶታ የሚኖር ዘመድ በሜይ ወር እንኳ ውርጭን ሲፈራ፣ ሲያትል ያለው በማርች አተር ዘርቶ ይገኛል። ከሁለቱም ከተሞች የመጡ ሰዎች በሰርግ ላይ ተገናኝተው ስለ አትክልት ሲከራከሩ አለመስማማታቸው አያስደንቅም።

ነገር ግን ይህ ለዘብተኛነት ሁልጊዜ አይታመንም። አልፎ አልፎ ከካናዳ መካከለኛ አገር በፍሬዘር ወንዝ ሸለቆ በኩል ሰብሮ የሚመጣ ደረቅ የሰሜን ነፋስ አለ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1950 በሲያትል አየር ጣቢያ ብርዱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በኖቬምበር 1955 የመጣው ድንገተኛ ብርድ ደግሞ ከዚያ የባሰ ተንኮል ነበረው፤ ዕፀዋቱ ገና ለብርዱ ሳይዘጋጁ ስላገኛቸው ብዙ ዛፍና ቁጥቋጦ ፈጀ። ዕፅ በቀስ በቀስ ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ በአንድ ሌሊት ከቀዘቀዘ ይሞታል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። በከተማይቱ ውስጥ፣ ለባሕሩ በቀረበው ሥፍራ፣ የጸደይ የመጨረሻው ውርጭ በአማካይ በማርች ሁለተኛ እኩሌታ ገደማ ነው፤ የመጀመሪያው የብርድ ወራት ውርጭ ደግሞ በኖቬምበር አጋማሽ ገደማ ነው። ይህ «አማካይ» የተባለው ቃል ግን ብዙ ሰው አታልሏል። አማካይ ማለት ከዚያ ቀን በኋላ ውርጭ የለም ማለት አይደለም፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ከዚያ ቀን በኋላም ውርጭ ይወርዳል ማለት ነው። ቲማቲሙን በአማካዩ ቀን የሚያወጣ ሰው እጣ እንደ መጣል ያደርጋል፤ አንድ ዓመት ይሆንለታል፣ በሚቀጥለው ይከስራል። ስለዚህ ጥንቁቅ አትክልተኛ የሚፈልገው ሌላውን ቀን ነው፤ ይኸውም በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ውርጭ የሚያልፈው ቀን ነው፤ እርሱም ከአማካዩ ሦስትና አራት ሳምንት ያህል ይዘገያል። መጋቢት 26 ቀን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይውላል። ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣና ቀይ ሥር ለሚተክል ሰው በሩ ተከፈተ፤ ለበርበሬ ግን ገና ነው።

ዳግመኛም የሚታወቀው ቀን የተለካው በአንድ ሥፍራ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ጓሮ ግን ሌላ ነው። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ በሸለቆም፣ በጉድጓድም፣ በድፍን አጥርም ላይ ሲደርስ ይጠራቀማል። ቤት ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሲያትል ወደ ደቡብ ሄደው በኬንትና በአካባቢው ሠፍረዋል፤ የኬንት ሸለቆ ግን ዝቅ ያለ ሜዳ ነውና በዚያ ውርጭ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሜይ መጀመሪያ ሊወርድ ይችላል። ከዚያው ሸለቆ በላይ ባለው ኮረብታ ወገብ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ምንም ሳይነካው ያድራል። ስለዚህ በአጥሩ ታች በኩል ቀዳዳ መተው ይገባል፤ ብርዱ ሾልኮ እንዲወጣ። የአየር ጠባይ የሚናገሩት ሰዎች የሚለኩትም ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ባለው አየር ነው፤ በጠራ ሌሊት ዜናው 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲል የሰላጣው ቅጠል በረዶ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። የሌሊቱን ዝቅተኛ ብርድ መዝግቦ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ዋጋው ብዙ አይደለም፤ በመደቡ አጠገብ ሰቅሎ ሦስትና አራት ዓመት ቀኑን የጻፈ ሰው ለጓሮው ከማናቸውም ካርታ የበለጠ መጽሐፍ ይኖረዋል።

ካርታ ከተባለ ዘንድ፣ በአሜሪካ የችግኝ መደብር ሁሉ የሚጠቀስ ቁጥር አለ። የእርሻ ሚኒስቴሩ አገሩን በብርዱ ጽናት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ሰጥቷል። ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው በዓመቱ ከሁሉ የሚከፋው ብርድ በአማካይ ምን ያህል እንደሚወርድ ብቻ ነው፤ ይህም ለዛፍ ተካይ ይጠቅማል። ስለ ውርጭ ቀን፣ ስለ ሙቀትም ምንም አይናገርም። በ2023 በወጣው ካርታ የሲያትል ብዙው ክፍልና በቴክሳስ ያለችው ኦስቲን በአንድ ቁጥር ተጽፈዋል። በኦስቲን ያለ ምእመን በርበሬውን አድርቆ ሲደልዝ፣ በሲያትል ያለው ገና አረንጓዴውን ይመለከታል። በዚህ ቁጥር ተመርቶ ዘር የሚገዛ ሰው ይታለላል።

እዚህ ላይ የባሕር ዳር አገር ዋናው ምሥጢር ይገኛል። በመካከለኛው አገር ውርጩ ሲያበቃ ሙቀቱ ወዲያው ይከተላል፤ ስለዚህ «ከመጨረሻው ውርጭ በኋላ ተክል» የሚለው ደንብ በዚያ ይሠራል። በባሕር ዳር ግን ውርጩ ካለቀ በኋላ ሁለት ወር ያህል ውርጭም ሙቀትም የሌለበት ቀዝቃዛ ጊዜ ይመጣል። ባሕሩ ብርዱን እንዳለዘበ ሁሉ ሙቀቱንም ይዘገያል። በኤፕሪል አፈሩ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ፎሶሊያ ግን ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ከመብቀል ይልቅ መበስበስን ይመርጣል። ቲማቲም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ቆሞ ይቀራል፤ ከ13 ዲግሪ በታች በሆነ ሌሊትም ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። በኤፕሪል አጋማሽ የተተከለና በሜይ መጨረሻ የተተከለ ቲማቲም በጁላይ ሲታዩ፣ ኋለኛው ፊተኛውን ቀድሞ ይገኛል። እንግዲህ ለሞቃት ተክል የሚጠበቀው የውርጭ ቀን አይደለም፤ የአፈሩ ሙቀት ነው። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር በጥዋት አራት ጣት ያህል ወደ አፈሩ አስገብቶ ለጥቂት ቀን ማየት ጭቅጭቁን ሁሉ ይጨርሳል።

ይህንን ካወቁ በኋላ ዓመቱን መደልደል አይከብድም። አተርና ባቄላ አፈሩ 5 ዲግሪ ሲደርስ ይበቅላሉና በየካቲት መጨረሻ፣ መሬቱ ከውኃ ጠፈፍ ሲል ይዘራሉ። በእጅ ሲጨብጡት ጭቃ ሆኖ የሚጣበቅ አፈር አይነካም፤ የተረገጠ እርጥብ አፈር ሲደርቅ እንደ ጡብ ነው። በርበሬ በመጋቢት መጀመሪያ በቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ ይዘራል፤ ቲማቲም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተለዋል። ሁለቱም በግንቦት ሦስተኛ ሳምንት ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ይኸውም በፈረንጅ በሜይ መጨረሻ ገደማ ነው። አስቀድሞ ግን ሳምንት ወይም አሥር ቀን ቀን ቀን እያወጡ፣ ማታ ማታ እያስገቡ ነፋሱንና ፀሐዩን ማለማመድ ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ ያደገ ችግኝ ሳይለማመድ ቢወጣ ውርጭ ሳይነካው በፀሐይ ብቻ ቅጠሉ ነጥቶ ይደርቃል። ለበርበሬ ከሁሉ የሚሻለው ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ነው፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ሚጥሚጣ የሚወድ ሰው ግን በማሰሮ ተክሎ፣ ብርዱ ሲመጣ ወደ ቤት ቢያስገባው ይሻለዋል።

የሐበሻ ጎመን ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ እናቶች ዘሩን ከአገር ቤት አስመጥተው ያዝኑበታልና። በአዲስ አበባ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሁሉ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ይለያያል፤ በሲያትል ግን በጁን 16 ሰዓት ያህል ብርሃን ሲሆን፣ በዲሴምበር ወደ 8 ሰዓት ተኩል ያህል ይወርዳል። ጎመኑ ቀኑ ሲረዝም ጊዜው የደረሰበት መስሎት ወደ አበባ ይቸኩላል፤ በሚያዝያ የተዘራው በሰኔ ሳይለመልም ያብባል። ዘሩ አልከፋም፤ እናቲቱም አላጠፉም። ቀኑ ወደ ማጠሩ በሚመለስበት ጊዜ፣ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ቢዘሩት ግን ቅጠሉ ሰፍቶ እስከ ብርዱ ድረስ ይቀነጠሳል።

ከጸደይ ይልቅ አስተዋይ ሰውን የሚፈትነው የሐምሌ ወር ነው። ሰው ሁሉ በሞቃት ቀን ስለ ብርድ ማሰብ አይወድም። ነገር ግን በሲያትል በብርዱ ወራት አትክልትን የሚገታው ውርጭ ብቻ አይደለም፤ የብርሃን ማነስ ነው። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ቀኑ ከ10 ሰዓት በታች ነው፤ በዚያ ጊዜ ተክል ይኖራል እንጂ አያድግም። መደቡ እንደ ጎተራ ይሆናል፤ ያስገቡበትን ያወጡበታል፤ የሚጨምር ግን የለም። ስለዚህ ሁሉ ነገር በኦክቶበር መጨረሻ ቁመቱን ጨርሶ መገኘት አለበት። ሒሳቡ ወደ ኋላ ነው፤ ካሮት በፖስታው ላይ 75 ቀን ከተባለ፣ የመስከረምና የጥቅምት ብርሃን ስለሚያዘገየው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ተጨምሮበት ከኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ የሚያርፈውም በሐምሌ ሁለተኛ እኩሌታ ነው። ቅጠሉ የተጠቀለለው የፈረንጅ ጎመንም እንዲሁ ነው፤ ባሮ ሽንኩርት ግን አዝጋሚ ስለ ሆነ ከጸደይ ጀምሮ መዘራት አለበት። በሰኔና በሐምሌ መዝራት የለመደ የደጋ ገበሬ እጅ በዚህ ጊዜ አገሩን ያገኘ ይመስለዋል፤ ሰማዩ ስለማይረዳው ብቻ ባልዲ መያዝ አለበት፤ የካሮት ዘር እስኪበቅል አንድ ቀን እንኳ መድረቅ የለበትም።

ይህ ሒሳብ ለምእመናን ሌላ ትርጕም አለው፤ የጾሙን ማዕድ ይወስናልና። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ ያን ጊዜ ጓሮው ሙሉ ነው፤ ፎሶሊያው፣ ዝኩኒው፣ ቆስጣው አለ፤ ቲማቲሙም መቅላት ይጀምራል። ጾመ ነቢያት ግን ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለ ሆነ ብርሃኑ እጅግ ባነሰበት ወራት ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ጊዜ የሚበላው በሐምሌ የተዘራው ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት ሲመጣ፣ ያለፈው ዓመት ጎመን ከእንቅልፉ ነቅቶ አዲስ ለጋ ቅጠልና እንቡጥ የሚያወጣበት፣ የዘንድሮው ግን ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። በሐምሌ ያልዘራ ሰው በሁዳዴ ጎመኑን ከመደብር ይገዛል። ውርጭ ነክቶት ያደረ ጎመንና ካሮት ከበጋው ይልቅ ይጣፍጣል፤ ተክሉ እንዳይበርድ ያከማቸውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋልና። ይህም ተረት አይደለም፤ ስኳር ያለበት ውኃ ቶሎ ስለማይረጋ ነው።

ውርጭ የሚጠበቅበት ሌሊት ሲመጣ፣ ጎመንና ባሮ ሽንኩርት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ እንኳ ስለሚታገሡ አይታሰብላቸውም። ለሰላጣና ለለጋ ችግኝ ስስ ነጭ ጨርቅ ይበቃል፤ ነገር ግን መሸፈን ያለበት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን አፈሩ ቀን ያጠራቀመው ሙቀት ስለ ሆነ። ከመሸ በኋላ የሚሸፍን ብርዱን ከተክሉ ጋር ይዘጋበታል። ጨርቁ በቀጭን ዘንግ ተደግፎ ከቅጠሉ መራቅ አለበት፤ ጥዋትም ይነሣል። ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በፀሐይ ጊዜ ካልተከፈተ ተክሉን ይቀቅለዋል። ከሽፋኑ በታች ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ እንዳይጠለል ማየት ደግ ነው፤ በሲያትል ከውርጭ ይልቅ ብዙ ችግኝ የሚፈጅ እርሱ ነው።

ጓሮ የሌላቸው ሰዎች ይህ ሁሉ አይመለከተንም እንዳይሉ፣ ከተማይቱ ከ1973 ጀምሮ ፒ-ፓች የተባለ የጋራ አትክልት ሥፍራ ለነዋሪዎች ታከራያለች፤ ስሙም መሬቱን ቀድሞ ያርስ ከነበረው ከፒካርዶ ቤተ ሰብ ስም የተወሰደ ነው። ተራው በብዙ ሥፍራ ረጅም ስለ ሆነ ስምን ማስመዝገብ የሚገባው መሬት ሲያስፈልግ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ብዙ ሰው መደቡን ይዘጋል፤ የሚዘጋበት ምክንያት ግን የለም። ነጭ ሽንኩርት በኦክቶበር ተተክሎ በብርዱ ወራት ሥሩን ይሰዳል፤ በሚቀጥለው ጁላይ ይነቀላል። ባቄላም በጥቅምት መጨረሻ ይዘራል፤ አራት ጣት ያህል በቅሎ በዚያው ቁመት ብርዱን ያሳልፋል። ከካናዳ የሚመጣው ክፉ ነፋስ በጥር ቢመታው ጫፉ ይጠቁርና ከሥሩ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በመጋቢት ይነሣል፤ በሚያዝያ ያብባል፤ እሸቱም የሚበላው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው፤ ይኸውም በደብረ ብርሃን ገበሬው ባቄላውን ገና ለመዝራት ጥማዱን በሚያወጣበት ወር ነው።